ታክ ሱኖክ እና በሃምሳ አምስት የገቡት

ታክ ሱኖክ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወድቃለች። በዚያን ጊዜ እዚህ ጆንጁ ከተማ ውስጥ እያንዳንዱ አውቶቡስ ረዳት ልጃገረድ ነበረችው። ሰማያዊ ቆብ ታደርጋለች፣ የሳንቲም ቦርሳ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ተሳፋሪውን በትከሻዋ ገፍታ ታስገባለች፤ ከዚያም የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ሁለቴ መትታ «ሂድ!» ትላለች። ሾፌሩ ወደ ኋላ አያይም። የሚያምነው ያንን ሁለት ምት ነው።

በጥር ወር አንድ ጠዋት፣ ገበያው አጠገብ ባለው ፌርማታ ሕዝቡ ተጠቅጥቆ ቆሞ ነበር። ሱኖክ አንድ በአንድ አስገባች። መጨረሻ ላይ የቀረችው የአኩሪ አተር ቡቃያ በገንዳ የተሸከመች ሴትዮ ነበረች። እሷንም ከነገንዳዋ ገፍታ አስገባችና ጎኑን ሁለቴ መታች። አውቶቡሱ ተነሣ። ለራሷ ግን መቆሚያ አልቀረላትም። የበሩን ብረት ይዛ እስከ ድልድዩ ድረስ ተንጠልጥላ ሄደች። ድልድዩ ጋ ሲታጠፍ ብርድ ያደነዘዘው እጇ ለቀቀ።

የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ድርጅቱ ጥፋቱ የራሷ ነው አለ። አራት ወር በረዳቶቹ ማደሪያ ወለል ላይ ተኛች፤ ጓደኞቿ ከድርሻቸው እየቀነሱ አበሏት። አንዷ ልጅ የጽሕፈት መኪና ፊደሎችን ካርቶን ላይ ሥላ አመጣችላት። ሱኖክ ካርቶኑን ሆዷ ላይ አስደግፋ ጣቶቿን አለማመደች። ስትነሣ ግራ እግሯ በአንድ ጣት ያህል አጥሮ ነበር።

«ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ማንን ልክሰስ?» እያለች ትስቅ ነበር፣ ይህን በጠየቅኋት ቁጥር።

የማታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ በዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። እኔ በዚያን ጊዜ የታላቁ አዳራሽ ጠባቂ ነበርኩ። ወንበር እደረድራለሁ፣ የድምፁን ማሽን እይዛለሁ፣ ማሞቂያውን እለኩሳለሁ። ቀስ በቀስ የዝግጅቱ ሁሉ ኃላፊ እሷ ሆነች፤ የፀደዩ የለጋሾች ምሳ፣ የመስከረሙ ጉብኝት፣ የኅዳሩ የቀድሞ ተማሪዎች ቀን። ማን ይናገራል፣ ማን ከማን ይቀመጣል፣ ማን ይቀድማል የሚለውን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት።

ይህ ሥራ ሰውን ያደክማል። አንዱ ተናጋሪ ለብ ያለ ውኃ ካልቀረበለት ድምፁ አይወጣም። ሌላው «እኔ አልናገርም» ይላል፤ ሦስቴ ካልለመኑት ግን ያኮርፋል። በፍርድ ቤት የተካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ሁለቱም ለጋሾች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጀርባ እንኳ ማየት የለበትም። ኅዳር ላይ ደግሞ የጊንኮ ዛፎቹ ፍሬያቸውን በደረጃው ላይ ያራግፋሉ፤ የተረገጠ ፍሬ ይሸታል፤ ያ ሽታ በለጋሽ ጫማ ወደ አዳራሹ እንዳይገባ ሱኖክ ራሷ መጥረጊያ ይዛ ስትጠርግ አይቻታለሁ፣ በዚያ እግሯ።

ከሁሉም የሚከብደው ቅደም ተከተሉ ነው። በእኛ ዘንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው የሚቆጠረው በገባበት ዓመት ነው። በስድሳ የገባ በስድሳ አንድ ለገባው ታላቅ ነው፤ ታናሹ ሚኒስትር ቢሆን እንኳ «ሰንቤ» ብሎ ይጠራዋል፣ ቀድሞም ጎንበስ ይልለታል። መድረክ ላይ ፊተኛው ተናጋሪ ሁልጊዜ ቀድሞ የገባው ነው። በደጅ የሚቆሙት የአበባ ጉንጉኖችም የሚደረደሩት በላኪዎቻቸው ዓመት ነው፤ የላኪው ስም ሪባኑ ላይ ይጻፋል። አንድ ዓመት እኔ አሳስቼ ደረደርኳቸው። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። አንድ የባንክ ሰው ከታላቁ ፊት ቆመ ተብሎ ግርግር ሆነ። ሱኖክ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብላ ጎንበስ አለች። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሪባኖቹ ጀርባ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎ አገኘሁ። እኔም በዚያው ክረምት ለአዋቂዎች የሚሰጠው የንባብ ክፍል ተመዘገብኩ።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። የሚያከብረው አልነበረም። ስለዚህ ሱኖክ እና እኔ አንድ ዘዴ አበጀን። እሷ በጎን ግድግዳ ተደግፋ ሰዓቷን ታያለች። ተናጋሪው ሲያበዛ ኮሌታዋን ታስተካክላለች። ያኔ እኔ ማይኩን ቀስ እያልኩ ዝቅ፣ ሙዚቃውን ቀስ እያልኩ ከፍ አደርጋለሁ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ተናጋሪው ሳይታወቀው ጨርሶ ይወርዳል። ማንም አልተቆጣም። በዚህ ዘዴያችን ትንሽ እንኮራ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ኮሌታዋን በየዓመቱ የሚያስነካት አንድ ሰው ነበር፤ መምህር ናምጉንግ። በሃምሳ አምስት የገቡ ናቸው፤ ከሚመጡት ሁሉ ታላቅ። ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ቡናማ ሙሉ ልብሳቸው ክርኑ ያበራ። ወረቀታቸውን ገልጠው ረጅም ነገር ያነባሉ፤ ሰዉ ይራባል፣ ማንኪያ ይንኳኳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ።

ሱኖክ ጡረታ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት፣ የመጨረሻዋን የቀድሞ ተማሪዎች ቀን እናዘጋጅ ነበር። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ያረጀውን የድምፅ ማሽን ጠባይ ሌላ ሰው ስለማያውቀው በየኅዳሩ ይጠሩኛል። ወንበር ስንቆጥር ሊቀመንበር ሁዋንግቦ ገቡ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የሚመሩ፣ በሰባ ስምንት የገቡ፣ የአዲሱን ማደሪያ ሕንፃ ወጪ ሊችሉ ቃል የገቡ ሰው ናቸው። ከኋላቸው የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ዶክተር ቹ ተከትለዋል።

«ታክ! እግርሽ እንዴት ነው?» አሏት ሊቀመንበሩ።

«እንደ አዳራሹ ወንበር ነው ሊቀመንበር። ቢያነክስም ይቆማል።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ናምጉንግ ሰንቤን ዘንድሮ ዝለዪልን። አምና ሾርባው በረዶ ሆነ። ከሴኡል ያመጣኋቸው እንግዶች ሰዓታቸውን ሲያዩ እኔ አፈርኩ።»

«ከእርሳቸው በላይ የገባ የለም። ፊተኛው ንግግር የእርሳቸው ነው።»

«ከእርሳቸው ጋር የገባም የለም! ያ ክፍል እኮ አልቋል። ለማን ብለን ነው የምንጠብቀው?»

ሊቀመንበሩ ከወጡ በኋላ ዶክተር ቹ ቀሩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አወለቁ።

«ኃላፊ ታክ፣ የሁለት ዓመት የአማካሪነት ኮንትራትዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊርማዬ ብቻ ነው የቀረው። ለአንድ ሽማግሌ ንግግር ብለው አያበላሹት። ንግግር የለም፣ ስማቸውም ወረቀቱ ላይ አይታተምም። ተግባባን?»

«እሺ» አለች።

ያንን ኮንትራት ትፈልገው ነበር። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። «ቤት ገብቼ ግድግዳ ነው የማየው?» ስትል ሰምቻታለሁ።

መምህር ናምጉንግ ስልክ አይሰሙም። ስለዚህ መሰረዛቸውን ልትነግራቸው ራሷ ቤታቸው ሄደች። የሆነውን በማግስቱ ነገረችኝ።

በሩን ከፍተው ሲያይዋት ደስ አላቸው። «ሰዓቱን ልትለኪ መጣሽ አይደል? ስምንት ጊዜ ተለማምጃለሁ!» እያሉ አስገቧት። መንደሪን ልጠው ሰጧት። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። እሷ ነገሩን ለመጀመር አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ቀደሟት።

«ሁልጊዜ ላመሰግንሽ እያልኩ እረሳለሁ ልጄ። መጨረሻ ላይ የምታስመቺላቸው ሙዚቃ። ይሄ ጆሮዬ ቃል አይለይም፤ ሙዚቃው ግን በመድረኩ እንጨት መጥቶ እግሬ ላይ ይሰማኛል። ለእነሱ ክብር ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ሄጁም ‹ያቺ ሴትዮ ልብ አላት› ትል ነበር።»

«ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ብላ ጮኸችላቸው።

መምህሩ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ፎቶ አሳዩዋት። ጥቁር ሪባን ታስሮበታል። «በፀደይ ነው። ዘንድሮ እሷም ገብታለች» ብለው ወረቀቱን መታ መታ አደረጉ። «መጨረሻ ላይ ነች።»

ሱኖክ ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። መሰረዛቸውን አልነገረቻቸውም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ አነበበችው። ንግግር አልነበረም። በሃምሳ አምስት አብረዋቸው ገብተው የሞቱት ተማሪዎች ስም ዝርዝር ነው፤ በሞቱበት ተራ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ መስመር ተጽፏል።

«ኪ ዱሲክ፤ ወንዝ ሲሻገር ጫማውን ባርኔጣው ውስጥ የሚያስቀምጥ።

ዶ ማንጊ፤ ፈተና ላይ እንቅልፍ ወስዶት አንደኛ የወጣ።

ዎን ጆንግሶፕ፤ ምሳውን ሁለት ቦታ የሚከፍል፤ ሁለተኛው ሰው ባይኖርም።»

እንዲህ እያለ ይሄዳል። በየዓመቱ የሚጨመረው ስም ከታች ነው።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱን የድምፅ ማሽኑ ላይ ዘረጋችልኝ። ፊቷ የታመመ ሰው ፊት ነበር።

«ጋሼ ሶክ፣ ምን ሲያነቡ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«ንግግር መስሎኝ ነበር። አንቺስ?»

«እኔ ሰዓት ነበር የማየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ስም አልሰማሁም።» ጣቷን ከገጹ ግማሽ በታች አሳረፈች። «ሁልጊዜ ኮሌታዬን የምነካው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። በየዓመቱ አዲስ የሞተውን ነው የምንቆርጠው።»

«ማይኩን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሂድ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

እዚያው ተቀመጥን። ሁለታችንም ጉልበታችንን ያመናል፤ ለመነሣት አልቸኮልንም። የመርሃ ግብሩን ረቂቅ አውጥታ አየችው። ለባንዲራ ሰላምታ። ብሔራዊ መዝሙር። በሞት ለተለዩን የኅሊና ጸሎት። ከዚያ ንግግሮች፣ ከዚያ ምሳ።

«የኅሊና ጸሎቱ ስንት ደቂቃ ነው?» አለችኝ።

«አንድ።»

«ማነው የወሰነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እንግዲያው እኔው እለውጠዋለሁ።» እርሳሷን አነሣች። «ንግግር አያደርጉም ተብያለሁ፤ አያደርጉም። ስማቸው አይታተምም ተብያለሁ፤ አይታተምም። ሰዉ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ለሞቱት ይጸልያል፤ እሳቸው ደግሞ የሞቱትን ስም ያነባሉ። ታዲያ ከዚህ ውጪ የማን ስም ሊነበብ ነው?»

«ዶክተር ቹ አይቀበሉትም ሱኖክ። ኮንትራቱስ?»

«እርስዎ የማይኩን ገመድ ይፈትሹ ጋሼ ሶክ። ኮንትራቱን ለኔ ይተዉልኝ።»

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት በብርድ ደረጃው ተጠረገ፤ ጉንጉኖቹ በተራቸው ቆሙ። ሪባኖቹን እኔው አንብቤ ደረደርኳቸው፤ ሱኖክ አልፋ ስታያቸው ምንም አላለችም፣ ይህም ምስጋናዋ ነው። ሊቀመንበር ሁዋንግቦ በፊተኛው ጠረጴዛ ተቀምጠው የመርሃ ግብሩን ወረቀት ገለጡ። የሚፈልጉት ስም እንደሌለ ሲያዩ ለሴኡል እንግዶቻቸው ፈገግ አሉ። መምህር ናምጉንግ ከመድረኩ ጎን ባለች ወንበር ተቀምጠዋል፤ ቡናማው ሙሉ ልብስ ተተኩሷል፤ ሱኖክ የመለሰችላቸው ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ነው።

ሱኖክ በሩን ዘጋች። እንደ ልማዷ በመዳፏ ሁለቴ መታችው። ጀመርን።

ባንዲራው አለፈ፣ መዝሙሩ አለፈ። መድረክ መሪው «በሞት ለተለዩን የቀድሞ ተማሪዎች የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን፤ ስማቸው ይነበባል» አለ። አራት መቶ ሰው ቆሞ አንገቱን ደፋ። መምህሩ ወደ ማይኩ ወጡ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ማንበብ ጀመሩ።

አራተኛው ስም ላይ ሊቀመንበሩ ቀና አሉ። ዙሪያቸውን አዩ። የሁሉም አንገት ተደፍቷል፤ ታላቃቸው ቆመው እያነበቡ ማን ይቀመጣል? መልሰው ደፉ። ዶክተር ቹ ግን በጫማቸው ጫፍ እየተራመዱ በግድግዳው በኩል ወደ እኔ መጡ። መነጽራቸው በእጃቸው ነው።

«ዝቅ ያድርጉት» አሉኝ በሹክሹክታ።

አንገቴን እንደ ደፋሁ ቆየሁ።

«አቶ ሶክ! አይሰሙም እንዴ? ሙዚቃውን ያስገቡት!»

በጸሎት ላይ ያለ ሰው አይመልስም። እሳቸውም መጮህ አይችሉም። ወደ ሱኖክ ዞሩ። እሷ በዚያው በጎን ግድግዳዋ ቆማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተደገፈችም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዐይኗን ጨፍና ቆማለች፤ ግራ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኮሌታዋ የሚሄድ እጅ አልነበረም።

መምህሩ የዶ ማንጊን እንቅልፍ ሲያነቡ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ አንገቱን እንደ ደፋ ሳቀ። ምሳውን ሁለት ቦታ የሚከፍለው ዎን ጆንግሶፕ ላይ ስንደርስ ደግሞ የሚያለቅስ ሰማሁ። ከገጹ ግማሽ በታች ያሉትን ስሞች እኔም ያን ቀን ነው የሰማኋቸው። መጨረሻ ላይ መምህሩ ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አቀረቡ።

«ሶንግ ሄጁ። ከክፍላችን ብቸኛዋ ሴት። ማንም አጠገቧ ለመቀመጥ ሲፈራ፣ እሷ መጥታ አጠገቤ የተቀመጠች።»

ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ሌላ ነገር ያስታወሱ ይመስል መልሰው ገለጡት።

«ናምጉንግ ጂንሱ። እስካሁን አልሄደም። ስላስቆየኋችሁ ይቅርታ።»

ከጠረጴዛ እስከ ጠረጴዛ ሳቅ አለፈ። ያኔ ሙዚቃውን ከፍ አደረግሁት፣ ሙሉውን፣ ማይኩን ሳልነካ። በእግራቸው እንደሚጠብቁት አውቄያለሁና።

ሾርባው በርዶ ነበር። ሰዉ ጠጣው። ሊቀመንበር ሁዋንግቦ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደው ጎንበስ አሉ፤ ታናሽ ናቸውና ሌላ ምን ያድርጉ።

«ሰንቤ፣ ዘንድሮ አጠር አድርገውታል» አሏቸው ጮክ ብለው።

«ምን?»

«አጥሯል!»

«እኔ? እኔ ድሮም አጭር ነኝ» አሉ መምህሩ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም የግዳቸውን ሳቁ። የማደሪያ ሕንፃውን ነገር ከዚያ ወዲያ ያነሣባቸው አልነበረም፤ ቃላቸውን ጠብቀው አሠሩት። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆናል።

ኮንትራቱ ግን ከጠረጴዛው አልተነሣም። ዶክተር ቹ በታኅሣሥ መጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «መልካም ዕረፍት ኃላፊ ታክ» አሏት። በዚህ አበቃ።

የመጨረሻ ቀኗ እቃዋን በአንዲት ካርቶን ይዛ ወጣች። ገበያው አጠገብ ወዳለችው ሾርባ ቤት ሄድን፤ ድሮ ፌርማታው የነበረበት ቦታ ነው። የቡቃያ ሾርባ እና አንድ ጆግ የሩዝ ጠላ አዘዝን። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከሥር የሚሞቀው ወለል ላይ ዘረጋች። እኔም ደክሞኝ ነበር።

«ተቆጨሽ?» አልኳት።

«ኮንትራቱን? አዎ። ምን እዋሻለሁ። ነገ ጠዋት ተነሥቼ የት ነው የምሄደው?» ሾርባዋን አማሰለች። «ሌላው ግን አይቆጨኝም።»

«የድምፁ ማሽን ሰዓት እንዳለው ታውቂያለሽ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ልንገርሽ?»

እጇን አነሣች፤ ኮሌታዋን ልትነካ መስሎኝ ነበር። አፌን ልትዘጋ ነው።

«አይንገሩኝ ጋሼ ሶክ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰውን ቃል በደቂቃ ስለካ ኖርኩ። ስንቱን አስጀመርኩ፣ ስንቱን አስጨረስኩ፤ አንዱ እንኳ ምን እንዳለ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ያን ቀን ብቻ ሰዓቴን ሳላይ ቆሜ አንድ ሰው እስኪጨርስ ሰማሁ። ከሠራሁት ሁሉ ለኔ ትልቁ እሱ ነው።»